ምላስ ብቻውን ቀማሽ አያደርግም

ጠጋ በሉማ። ስሜን ካልጠየቃችሁኝ፣ ከቡና ቅምሻ ክፍል ወደ ውጭ ብዙም የማይወጣ ወሬ አጫውታችኋለሁ።

ሙያችንን ፈልጎ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ማለት ይቻላል ንግግሩን የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። “ምላሴ ጥሩ ነው፤ የተፈጥሮ ስጦታ አለኝ” ይላል። እኛም በአክብሮት እንሰማዋለን። ወጥቶ ከሄደ በኋላ ግን እርስ በርሳችን እንተያያለን። እዚህ ቤት የከረመ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጥሩ ምላስ ይዘው መጥተው ቀማሽ ሳይሆኑ የቀሩ ብዙ ናቸው። ምላሱ እንደማንኛችንም የሆነ ሰው ደግሞ፣ ኮንቴይነር ሙሉ ቡና ወደ ውጭ ይሂድ አይሂድ በሚባልበት ሰዓት የመጨረሻውን ቃል ሲናገር አይተናል።

ተሰጥኦን ስለማግኘት ብዙ ይመከራል። “ውስጥህን አዳምጥ፣ የምትወደውን ሥራ፣ ቀሪው ይከተላል” ይባላል። እኔ የማጫውታችሁ ከዚህ ጠበብ ያለ፣ ግን የሚጨበጥ ነገር ነው፦ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሰው ስጦታ እንዴት እንደሚለይ፣ እንዴት እንደሚያድግ፣ በመጨረሻም እንዴት እንጀራ እንደሚሆን። ከቡና ጋር ምንም ጉዳይ የሌላችሁም ብትሆኑ፣ ነገሩ ወደ እናንተ ሥራ ሲሻገር ታዩታላችሁ።

ከበሩ ወዲያ

መጀመሪያ ክፍሉን ላስጎብኛችሁ። የምንቀምሰው በአብዛኛው ጠዋት፣ አፍና አፍንጫ ገና ሳይደክሙ ነው። ሽቶ የተቀባ አይገባም። ቁርሱን በአዋዜ ያጣጣመ ሰው ማንም ሳይነግረው ራሱ ወደ ኋላ ይላል። ናሙናው ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይጠቁር ይቆላል፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ያርፋል፤ 24 ሰዓት ሳይሞላው ይቀመሳል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና እንመዝናለን፤ ለአንድ ናሙና 5 ስኒ እንደረድራለን። ውሃው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ይፈሳል። ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ዱቄት በማንኪያ እየገፋን፣ አፍንጫችንን ስኒው አፍ ላይ ደፍተን እናሸታለን። በረድ ሲል ደግሞ በማንኪያ እየቀዳን በኃይል እንስበዋለን፤ ድምፁን እናቶቻችን ቢሰሙት “ኧረ ነውር ነው!” ይሉናል። ከዚያ እንተፋዋለን። ወደሚቀጥለው ስኒ፣ ወደሚቀጥለው ናሙና፣ እንዲህ እያልን ጠረጴዛውን እንዞራለን።

የመጀመሪያው ምስጢር ይኸውላችሁ፦ ስኒዎቹ ላይ ስም የለም። ያለው የኮድ ቁጥር ብቻ ነው። ይርጋጨፌ ይሁን ጅማ፣ ሐረር ይሁን ሌቀምት፣ የማን መጋዘን እንደሆነና ማን እንዳመጣው ቀማሹ አያውቅም። ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መገበያየት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም ወዲህ፣ ከሐዋሳና ዲላ እስከ ጅማ፣ ቦንጋ፣ ጊምቢና ድሬዳዋ ባሉት የቅምሻ ክፍሎች ናሙና በኮድ እየተሸፈነ የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። “ይህ ይርጋጨፌ ነው” ከተባለ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ አበባ አበባ ይሸተዋል፤ ምላስ ጆሮን ይከተላልና።

ይህ ኮድ ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለቀማሹም ይሠራል። በሌላ መሥሪያ ቤት ሰው በዲግሪው፣ በአለባበሱ፣ በአነጋገሩ ሊሸፈን ይችላል። እዚህ ግን ከፊትህ ያለው ስኒና አንተ የጻፍከው ቁጥር ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ስጦታ ያለውና ስጦታ አለኝ የሚለው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለያሉ።

ልዩ ምላስ የሚባለው ነገር

ምላስ ከሰው ሰው እንደሚለይ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ አንድ ዱቄት ቦነነበት። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው “መረረኝ” ብሎ አማረረ፤ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰውም። ሁለቱም ዱቄቱን ምላሳቸው ላይ አድርገው ሞከሩት፤ አንዱን ያንገሸግሸዋል፣ ሌላውን ምንም አይለውም። ከዚያ የተጀመረው ምርምር ቀጥሎ፣ በ1990ዎቹ ሊንዳ ባርቶሹክ የተባሉት አሜሪካዊት ሳይንቲስት መራራን ከሌላው ሰው እጅግ አጉልተው የሚቀምሱ ሰዎችን “ሱፐርቴስተር” ብለው ጠሯቸው። በ2003 ደግሞ ለዚያ መራራነት ልዩነት በአመዛኙ ተጠያቂ የሆነው ዘረ መል ታወቀ።

ታዲያ ሱፐርቴስተር ሆኖ መወለድ ለቀማሽነት ይጠቅማል? ሹክ ልበላችሁ፤ ስንቀጥር አንጠይቅም። እንዲያውም መራራ ከልክ በላይ የሚጎላበት ሰው ስኒው ውስጥ ያለው ሌላው ነገር ሊደበቅበት ይችላል። ደግሞም “የቡና ጣዕም” የምንለው አብዛኛው ነገር ከምላስ ሳይሆን ከአፍንጫ የሚመጣ ነው። ካላመናችሁ ዛሬውኑ አፍንጫችሁን ጨብጣችሁ አንድ ስኒ ቅመሱ፤ የሚቀርላችሁ መራራውና ጎምዛዛው ነው። አፍንጫችሁን ስትለቁት ቡናው ቡና ይሆናል።

እኛ በልምድ የምናውቀውን የሚደግፍ ጥናትም አለ። ዌንዲ ፓር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በኒውዚላንድ የወይን ጠጅ ባለሙያዎችን ከጀማሪዎች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። ባለሙያዎቹ ደቃቅ ሽታን በማግኘት ከጀማሪዎቹ አልበለጡም። የበለጡት አንድ ጊዜ ያሸተቱትን ሽታ ቆይተው ሲያገኙት ለይተው በማወቅ ነው። ማለትም ልዩነቱ አፍንጫቸው ስለት ስላለው ሳይሆን፣ ያለፈውን ስለሚይዝ ነው።

“ወደድኩት” የማይባልበት ቤት

ሁለተኛው ምስጢር ብዙ ጀማሪዎችን ያስደነግጣል። እኛ ኢትዮጵያውያን ቤታችን የምንጠጣው ቡና ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ ጀበና ውስጥ በደንብ የፈላ፣ አንዳንዱ ስኳር፣ አንዳንዱ ጨው፣ አንዳንዱ ጤና አዳም የሚጨምርበት ነው። ቅምሻ ክፍል ገብቶ ሳይጠቁር የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስብ ወጣት ፊቱ ይኮማተራል። “ይሄማ ጎምዝዟል፤ ተበላሽቷል” ይላል። እሱ ተበላሽቷል ያለው ያ ጎምዛዛነት ግን የውጭ ገዢዎች ተሻምተው ጥሩ ዋጋ የሚከፍሉበት ነገር ነው።

በዚህ ምክንያት በጠረጴዛው ዙሪያ “ወደድኩት፣ አልወደድኩትም” የሚለው ንግግር ቦታ የለውም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ምን አለው? ምን ያህል አለው? ንጹሕ ነው ወይ? አምስቱም ስኒ አንድ ዓይነት ነው ወይ? ቡናው ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይጠፋል? ዓለም ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የነጥብ ወረቀት ላይ 10 መለኪያዎች አሉ፤ ድምሩ ከ100 ይያዛል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው “ስፔሻሊቲ” ይባላል። ከመለኪያዎቹ በቀማሹ አጠቃላይ ግምት የሚሞላው አንዱ ብቻ ነው።

“የምትወደውን ሥራ” የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቡና ስለሚወዱ ብቻ የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፈጥነው ይሰለቻሉ፤ ምክንያቱም የወደዱት መጠጣቱን፣ ወሬውንና ጭሱን ነው። ሥራው ግን መጠጣት አይደለም፤ የማይወዱትንም፣ የሻገተውንም፣ አፈር አፈር የሚለውንም እኩል ትኩረት ሰጥቶ መመርመር ነው። ፍቅር በሩን ሊያስከፍት ይችላል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው።

አዲስ መጪውን በምን እንለየዋለን?

አሁን ወደ ዋናው ወሬ እንግባ። ለጀማሪ የምንሰጠው ወረቀት ላይ የማይጻፉ፣ እኛ ግን በዓይናችን ጥግ የምንከታተላቸው ምልክቶች አሉ።

አንደኛው፣ ልዩነት ሲረብሸው ነው። በእረፍት ሰዓት ሻይ ቀርቦ ሁሉም እየተጫወተ ይጠጣል፤ አንዷ ግን ስኒዋን መልሳ ታሸትና “ዛሬ ውሃው ተቀይሯል?” ትላለች። ማንም አልጠየቃትም። ውሃው እውነትም ከሌላ ጀሪካን የተቀዳ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው ልዩነትን ፈልጎ አያገኝም፤ ልዩነቱ ራሱ መጥቶ ይጎነትለዋል፤ ቢተወውም አይተወውም። የተፈጥሮ ስጦታ የሚባል ነገር ካለ አሻራው ይህ ነው፦ ሌላው ሳያየው የሚያልፈው ነገር አንተን እረፍት ሲነሳህ።

ሁለተኛው፣ ሳያውቅ ራሱን ሲደግም ነው። አንድን ናሙና በሁለት የተለያየ ኮድ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን። ብዙ የሚናገረው ልጅ ለአንደኛው 86 ሰጥቶ “ድንቅ ነው” ይላል፤ ለሁለተኛው 81 ሰጥቶ “ቀጭን ነው” ይላል፤ ያው ቡና ነው። ጥግ ላይ የቆመችው ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ለአንዱ 83፣ ለሌላው 83.25 ጽፋለች። ቁጥሯ ከእኛ ቁጥር ሁለት ነጥብ ቢያንስም ግድ የለንም፤ ያን ማስተካከል ቀላል ነው። ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ቁጥር ግን ከየት ተነስቶ እንደሚስተካከል አይታወቅም። ዛሬ የተናገረውን ነገ ሳያውቅ የሚደግም ሰው ስናገኝ፣ “ይህን ሰው አትልቀቁት” እንባባላለን።

ሦስተኛው፣ ብቻውን መቆም ሲችል ነው። አራት ቀማሾች 84 ብለዋል፤ ጀማሪው 79 ብሏል። ሰብሳቢው፣ “ምን አግኝተህ ነው?” ይለዋል። አንዱ ዓይነት ጀማሪ ወዲያውኑ፣ “ይቅርታ ጋሼ፣ 84 ይሁን” ይላል። ሁለተኛው ዓይነት ሰውነቱ እያላበውም ቢሆን፣ “ጋሼ፣ አራተኛው ስኒ ላይ የጆንያ ሽታ አለ” ይላል። ሁላችንም ተመልሰን አራተኛውን ስኒ እንስበዋለን። አንዳንዴ የለም፤ እሱም ተሳስቻለሁ ብሎ ይቀበላል። አንዳንዴ ግን አለ፤ ከአምስቱ ስኒ አንዱን የሚያበላሽ አንድ መጥፎ ፍሬ በቂ ነውና። 5 ስኒ የሚደረደረውም ያን ፍሬ ለመያዝ ነው። ልጁ ያን ቀን ትክክል ይሁን አይሁን ሳይሆን፣ ማስረጃውን በጣቱ ጠቁሞ መናገር መቻሉ ነው የሚመዘገብለት።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም “ምላሴ ጥሩ ነው” በሚል ንግግር አይታይም። ሰውየው ራሱም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ውሃው መቀየሩን ያወቀችው ልጅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነበር የመሰላት። ስጦታችንን የማናየው ስለተደበቀ ሳይሆን ለእኛ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቀላል የሆነን ነገር ደግሞ ሙያ ብሎ የሚቆጥር የለም።

ያልሠለጠነ ስጦታ ዋጋው ስንት ነው?

ትንሽ ነው። ይህንንም በግልጽ አንናገረውም፤ ምክንያቱም የመጣውን ልጅ ተስፋ ያስቆርጣል።

የቡና ዓለም የጣዕም ክብ የሚባል ሰንጠረዥ አለው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሲሆን በ2016 ታድሷል። ላዩ ላይ ብሉቤሪ፣ ጃስሚን፣ ሜፕል ሽሮፕ የመሳሰሉ ነገሮች ተዘርዝረዋል። ገደብ ወይም ጅማ ያደገ ልጅ ብሉቤሪን የት አባቱ አይቶት? ሰንጠረዡን እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሸምድዶ ቡናው ሁሉ ላይ “ብሉቤሪ” እያለ የሚጽፍ ጀማሪ ሞልቷል። እሱን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንይዘዋለን፤ ቃሉን እንጂ ሽታውን አያውቀውምና።

የሚያድገው ግን በተቃራኒው ይጀምራል፤ ከራሱ ቤት። ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ገሾ፣ ትኩስ ማር፣ ዝናብ የነካው አፈር። የኢትዮጵያ ማጀት ጥሩ የሽታ ትምህርት ቤት ነው፤ የጎደለው ተማሪው ራሱን እንደ ተማሪ አለመቁጠሩ ብቻ ነው። አንድ ነባር ቀማሽ ለሚያሠለጥኗቸው ልጆች የሚሰጡትን የቤት ሥራ ልንገራችሁ፦ መርካቶ ቅመም ያለበት ሂዱ፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት በወረቀት ጠቅልላችሁ ውሰዱ፤ ቤት ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላ ሰው ያቅርብላችሁ፤ የመለሳችሁትን ጻፉ፤ የተሳሳታችሁትን ለይታችሁ ነገ ድገሙት። ከዚያ በኋላ ነው ብሉቤሪውን በማርመላታ ጠርሙስም ቢሆን ፈልጎ ማሽተት፤ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጁ 36 የጠረን ብልቃጦች ያሉበት የፈረንሳይ ሣጥንም ብዙ የቅምሻ ክፍሎች ውስጥ አለ።

አፍንጫ ይሠለጥናል ወይ ለምትሉ፣ በጀርመን ድሬስደን ቶማስ ሁመል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። የማሽተት አቅማቸው የቀነሰባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ አራት ሽታዎችን እንዲያሸትቱ ተደረገ፤ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ልምምዱን ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ ተሻሻሉ። እነሱ ሕሙማን ነበሩ፤ ስለዚህ ጤነኛውን ሰው በሦስት ወር ሊቀ ቀማሽ ያደርጋል ማለት አይደለም። የሚያሳየው ግን ከልደት ጀምሮ ያለቀለት የሚመስለን ነገር እንኳ በትንሽ፣ በዕለታዊና አሰልቺ ልምምድ እንደሚንቀሳቀስ ነው። አራቱን ነገሮች ደግሞ እዩዋቸው፤ አንዱም ለኢትዮጵያዊ ቤት እንግዳ አይደለም።

በሙያው ትልቅ የሚባለው የኪው ግሬደር ፈተናም ይህንኑ ይነግራችኋል። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ሥርዓት ተፈታኙ ከሦስት ስኒ የተለየውን አንዱን ያወጣል፤ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛና ጨዋማ ፈሳሾችን በመጠናቸው ይደረድራል፤ አሲዶችን ይለያል፤ ጠረኖችን ያዛምዳል፤ ጥሬውን ቡና እንከን በእንከን ይቆጥራል። ያለፈ ሰው ፈቃዱን እስከ ዕድሜ ልክ አይዘውም፤ በየ3 ዓመቱ ተመልሶ ልኬቱን ያስፈትሻል። ስጦታው የተመሰከረለት ሰው እንኳ “አሁንም አለህ ወይ?” ተብሎ ይጠየቃል። በሌላ ሙያ ስንቶቻችን ነን ከዐሥር ዓመት በፊት በተመሰከረልን ነገር ዛሬም የምንኮራ?

ማንም ያልጠየቃቸው

የሚቀጥለው ወሬ ትንሽ ያሳፍራል። በዚህ አገር ብዙው የቡና ስጦታ ያለው ቅምሻ ክፍል ውስጥ አይደለም። ከቅምሻ ክፍሉ ግድግዳ ወዲያ፣ ለቀማ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የላኪዎች መጋዘን ገብታችሁ ካያችሁ፣ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ጥሬውን ቡና በእጅ ይለቅማሉ፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ቀለሙ የጠፋውን። ዓይናቸውና ጣታቸው ከንግግራቸው ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም፤ እየተጫወቱ ይለቅማሉ፣ አይስቱም። አንድ ቀን ከእነሱ አንዷ፣ ጠና ያሉ እናት፣ እፍኝ ቡና ይዘው ወደ ክፍሉ በር መጡ።

“ልጆች፣ ይሄን እዩት እስቲ፤ ከልኩ በላይ አድሯል” አሉ።

“እትዬ፣ በምን አወቁ?” አላቸው አንደኛው ቀማሽ፤ ለዓይን ንጹሕ ነበርና።

“ሽታው ነዋ፤ እጄ ላይ ቀረ።”

ቆልተን ቀመስነው። ከመጠን በላይ የፈላ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ቡና ነበር። እሳቸው ስኒ ሳያዩ፣ ነጥብ ሳይሰጡ፣ እኛ ከመቁላት ጀምሮ በረጅም ሥርዓት የደረስንበትን በመዳፋቸው ደርሰውበታል። የቀን ሥራ ተከፋይ ናቸው።

ለምን ቀማሽ አልሆኑም ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱም ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የሥልጠናው ቋንቋ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። የፈተናው ክፍያ በአብዛኛው ቀጣሪው ካልሸፈነው በቀር ከኪስ የሚወጣ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን፣ “እትዬ፣ ይህን ስኒ ደግሞ ይቅመሱልን” ያላቸው ሰው አልነበረም። ስጦታ ምስክር ይፈልጋል። ራሱን በራሱ ያገኘ ሰው ብዙ ይወራለታል፤ እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኞቻችን የተገኘነው በሌላ ሰው ነው። አንድ አለቃ፣ አንድ ጎረቤት፣ አንድ አስተማሪ፣ “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይሆንልሻል” ብሎናል። አለቃ ከሆናችሁ፣ ዓይናችሁን ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ማዶ አሻግሩት።

ስኒው እምቢ ሲል

ሁሉም ቀማሽ አይሆንም። ለወራት ተሞክሮ ቁጥሩ የማይረጋ ሰው አለ። ውጭ ሆኖ ለሚያይ ይህ ውድቀት ነው። ውስጥ ላለነው ግን ቅምሻ ጠረጴዛው ጥሩ ማበጠሪያ ነው፤ አንዱን ስጦታ ሲፈልግ ሌላውን ያገኛል።

ናሙና ቆዪን እዩት። የቡናው የመጀመሪያ ፍንዳታ ድምፅ የሚሰማበትን ቅጽበት በጆሮው ይጠብቃል፤ ሙቀቱን፣ ቀለሙንና ሰዓቱን አንድ ላይ ይይዛል። እሱ ዛሬና ነገ እኩል ካልቆላ የእኛ ቅምሻ ዋጋ የለውም። ብዙ ጎበዝ ቆዪዎች በቀማሽነት ሞክረው ያልሆነላቸው፣ በእጃቸው ግን የረጉ ሰዎች ናቸው። ጥሬ ቡና መርማሪው ዓይኑ ነው ስጦታው፤ በአገራችን የደረጃ አሰጣጥ ጥሬው ከ100 ነጥብ 40፣ ስኒው 60 ሲይዝ፣ ያ 40 የእሱ ነው። ናሙና መዝጋቢዋ ኮድ ከኮድ ሳታምታታ ወቅቱን ሙሉ ትዘልቃለች። ከገዢ ጋር የሚነጋገረው ደግሞ የቀማሹን ደረቅ ቁጥር ለሰው በሚገባ ንግግር ይናገራል። አርሶ አደሩ ዘንድ ወርዶ “ቡናው አልጋ ላይ ሲደርቅ ቶሎ ቶሎ ይገለበጥ፤ ስኒው ላይ የሚወጣው ጣዕም ይህን እየነገረን ነው” የሚል ሰውም አለ። ይህ ሁሉ ሰው “ቀማሽ እሆናለሁ” ብሎ ነው የመጣው።

ለዚህ ነው “አንድ ተሰጥኦ አለኝ፤ እሱን ካጣሁ አለቀልኝ” የሚለው ጭንቀት እዚህ ቤት የማይገባን። ሥራው አጠገብ ቁሙ፤ ከሥራው ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሚጠራችሁ ለማወቅ መጀመሪያ ሥራው አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ገንዘብ ሲሆን

በ2012 ዓ.ም ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ገቡ። በተደጋጋሚ ከተቀመሱ በኋላ አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሤ ገመዳ ቡና ነበር፤ 91.04 ነጥብ አገኘ። በጨረታውም አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ በ185.10 ዶላር ተሸጠ። ያን ሁሉ ናሙና አንድ በአንድ የለዩት ማንኪያ የያዙ ሰዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው ታሪክ ያኮራል። ከበስተጀርባው ያለው ግን ሁልጊዜ አያኮራም። አንድ ነጥብ ሲወጣና ሲወርድ ዋጋ የሚቀይር ከሆነ፣ ነጥቡን የሚጽፈው እጅ ላይ ብዙ ዓይን ያርፋል። “ትንሽ ከፍ ብታደርገው ምን አለ?” የሚል ስልክ ይደወላል። ሻይ ይጋበዛል። ደንበኛ ጠፍቶብናል የሚል አለቃም አይጠፋም። ቀማሽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያደረገው ቁጥር ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ፣ ሌላ ቀማሽ ያው ቡና ላይ ማንኪያውን ይነክራል፤ ሁለቱ ቁጥር ካልተገናኘ የሚወድቀው ቡናው ብቻ አይደለም። ያንን ቀማሽ በቀጣዩ ናሙና ላይ ማንም አያምነውም። ስጦታው እንዳለ ነው፤ ሥራው ግን የለም።

ወጣቶች ስለ ሙያ ስኬት ሲጠይቁኝ ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ስብከት ይመስላልና። ግን እንደ ነጋዴ ልናገረው፦ በእኛ ሙያ የሚሸጠው ምላስ አይደለም፤ የምላሱ መታመን ነው። በሒሳብ ሥራም፣ በሕክምናም፣ በጋዜጠኝነትም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ከቡና ውጭ ላላችሁ

ያወራሁትን ወደ እናንተ ጠረጴዛ ልጎትተው። ለጥቂት ሳምንታት “ምን እወዳለሁ?” የሚለውን ተዉትና “ሌላው የማያየው ምን ይረብሸኛል?” ብላችሁ ጻፉ። የተዛባ ሒሳብ ይረብሻችኋል? የተጣመመ ስፌት? በሽተኛ “ደህና ነኝ” ሲል ድምፁ ውስጥ ያለው? ክፍል ውስጥ ያልገባው ተማሪ ፊት? ከዚያ ፍርዳችሁን በስውር ፈትኑት፤ የማን ሥራ መሆኑን ሳታውቁ ፍረዱ፤ ቆይታችሁ ያንኑ ደግማችሁ ፍረዱ፤ ሁለቱን አስተያዩ። ቀጥሎ ከእናንተ በፊት የቆየ፣ ስህተታችሁን በፊታችሁ የሚነግር አንድ ሰው ፈልጉና ፍርዳችሁን ከፍርዱ ጋር አነጻጽሩ፤ የሚያደንቃችሁ ሰው ለዚህ አይሆንም። በመጨረሻም ያ የሚረብሻችሁ ነገር ለማን ገንዘብ እንደሚያድን ወይም እንደሚያመጣ እወቁ። ስጦታ ሥራ የሚሆነው የሚከፍልበት ሰው ያለበት ቦታ ሲቆም ነው።

ቡናውን ለምትፈልጉ ደግሞ የመጨረሻውን ሹክ ልበላችሁ። ማመልከቻ ይዛችሁ በክረምት አትምጡ፤ ያኔ ጠረጴዛው ቀዝቃዛ ነው። ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ከታኅሣሥ በኋላ ናሙና ይጎርፋል። በየክፍሉ ስኒ የሚያጥብ፣ ውሃ የሚያፈላ፣ ናሙና የሚመዝን እጅ ያጥራል። በዚያ ወቅት “ምን ተምረሃል?” ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያለው ሰው የለም፤ “ስኒ ታጥባለህ?” ነው የሚባለው። አጥባለሁ በሉና ግቡ። ማታ ሁሉም ሲወጣ የተረፈውን ስኒ ቅመሱና ቁጥራችሁን ጻፉ፤ በማግስቱ ቀማሾቹ ከጻፉት ጋር አስተያዩት። ቁጥሮቹ መቀራረብ ሲጀምሩ እናንተ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ ጠያቂዎቹ እኛ እንሆናለን።